የአሮጌ ፊልም ካሜራ ቆዳ ሲላጥ፦ ተተኪ ፈልጎ የማልበስ ዝርዝር መመሪያ

የካሜራ ቆዳ ልቀይር ብሎ የጀመረ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያማርረው ማስቲሹን ነው። «አልያዘልኝም፣ ተነሳብኝ» ይላል። ካሜራውን ተቀብላችሁ ስታዩት ግን ጥፋቱ ከማስቲሹ በፊት የተሠራ ነው። ቆዳው ወፍራም ስለሆነ ከብረቱ ጠርዝ በላይ ወጥቷል፤ እጅ በነካው ቁጥር ይገፋዋል፣ መነሳቱ አይቀርም። ወይም ደግሞ አሮጌው ልባስ ተገንጥሎ ቆሻሻ ውስጥ ገብቷል፣ አዲሱ በዓይን ግምት ተቆርጧል፣ ቀዳዳዎቹ ከቦታቸው ሸሽተዋል።

ስለዚህ ሁለት ነገር አስቀድሜ ልበል። ውፍረቱን ሳትለኩ ቆዳ አትግዙ። አሮጌውን ልባስ ደግሞ፣ ተፈርፍሮ እንኳ ቢወጣ፣ አዲሱ ተለጥፎ አንድ ሳምንት እስኪሞላው አትጣሉት።

መመሪያው በዋናነት ለ35 ሚሊ ሜትር ካሜራዎች ነው፦ ፔንታክስ ኬ1000፣ ካኖን ኤኢ-1፣ ኦሊምፐስ ትሪፕ 35፣ ዜኒት ኢ፣ ፌድና ዞርኪ የመሳሰሉት። እንደ ያሺካ ማት እና ሮሌይፍሌክስ ባሉ ባለ ሁለት ሌንስ ካሜራዎችም ላይ ቅደም ተከተሉ ያው ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሞክሩ ከሆነ ኬ1000 ወይም ትሪፕ 35 ምረጡ። ሁለቱም በቆዳው ላይ የሚያርፍ የራስ ማንሻ ሰዓት (ካሜራው ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ራሱ ፎቶ እንዲያነሳ የሚያደርገው ማንሻ) ስለሌላቸው አንድ ትልቅ ጣጣ ይቀንሳል። ካላችሁት ካሜራ ሁሉ የምትወዱትን ለመለማመጃ አታውጡ።

## የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- ካሊበር፣ ያ ጋራዥ ውስጥ የሚታየው የውፍረት መለኪያ። ከሌላችሁ ተራ የማተሚያ ወረቀት ይበቃል፤ አጠቃቀሙን ደረጃ 2 ላይ እነግራችኋለሁ
- የቀዶ ጥገና ምላጭ ቁጥር 11 ከነእጀታው። የሕክምና ዕቃ መሸጫዎች ጋ ይገኛል። ቢያንስ 5 ምላጭ ያዙ
- የብረት ማስመሪያ
- የቀለም ቀቢዎች የወረቀት ፕላስተር
- የፋርማሲ አልኮል። 70 ከመቶ የሚለው ውሃ ስለሚበዛበት ከተገኘ ከ95 በላይ የሆነው ይሻላል
- የላይተር ቤንዚን
- ስቴኪኒ፣ የጆሮ ኩክ ማውጫ ጥጥ፣ ጊዜው ያለፈበት የባንክ ካርድ
- የፀጉር ማድረቂያ
- ስስ ካርቶን፤ የብስኩት ማሸጊያ በቂ ነው
- የዳቦ መጋገሪያ ወረቀት
- ማስቲሽ፣ ወይም በሁለቱም ፊት የሚያጣብቅ ስስ ፕላስተር

ከሥራው በፊት ፊልሙን አውጡ፣ ባትሪውን አውጡ፣ ሌንሱ የሚፈታ ከሆነ ፍቱና የካሜራውን አፍ በክዳኑ ዝጉ። መስኮት ክፈቱ። አልኮልና ቤንዚን ይዛችሁ ቡና በሚፈላበት ቤት፣ ከሰልና እጣን አጠገብ አትቀመጡ። ይሄ ቀልድ አይደለም፤ የላይተር ቤንዚን ተን ከእሳቱ ራቅ ብሎም ይያያዛል።

## ደረጃ 1፦ ያለው ልባስ ምን እንደሆነ ለዩ

ሁሉም «የካሜራ ቆዳ» ይባል እንጂ ሁሉም ቆዳ አይደለም። አወላለቁም አተካኩም የሚለያየው በዚህ ነው።

እውነተኛ ቆዳ። በቆዩ የጀርመን ካሜራዎችና በፖላሮይድ ኤስኤክስ-70 ላይ ይገኛል። ሲያረጅ ይደርቃል፣ ይሰነጣጠቃል፣ ሲነኩት ይፈረፈራል። ጠርዙን በጥንቃቄ ቀና አድርጋችሁ ከሥር ብታዩት ጭረት ጭረት ያለው የቆዳ ሥጋ ይታያል።

የፕላስቲክ ልባስ። አብዛኞቹ የ1960ዎቹና የ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የጃፓን ካሜራዎች የለበሱት ይህንን ነው። ፕላስቲኩን ለስላሳ የሚያደርገው ነገር ከዓመታት ብዛት ተንኖ ስለሚያልቅ ልባሱ ይኮማተራል። ምልክቱ ቀላል ነው፦ በቆዳውና በብረቱ ጠርዝ መሃል ክፍተት ይታያል፣ ክፍተቱ ውስጥም ቡናማ የሙጫ መስመር አለ። ይህንን በደንብ ያዙት። የተኮማተረ ልባስ እንደ ንድፍ ካገለገለ አዲሱም ያንኑ ያህል አጥሮ ነው የሚወጣው።

ቩልካናይት። ላስቲክ ከድኝ ጋር ተቀላቅሎ የጠነከረ ነገር ነው። እንደ ላይካ ኤም3 ባሉ የቆዩ ላይካዎች ላይ አለ። በፌድና በዞርኪም ላይ ተመሳሳይ ደረቅ ልባስ ይገጥማችኋል። አይላጥም፤ እንደ ብርጭቆ እየተሰበረ ነው የሚወድቀው። ሙሉ ሆኖ ይወጣል ብላችሁ አትድከሙ።

አንድ ሌላ ምልክት አለ። ቆዳው ጤነኛ ሆኖ እዚህም እዚያም ትናንሽ ጉብታዎች ካሉበት ችግሩ ከሥር ነው። ከቆዳው ሥር ያሉ የናስ ሪቬቶች (ብረት ከብረት የሚያያይዙ ችንካሮች) አረንጓዴ ዝገት አውጥተው ቆዳውን እየገፉት ነው። በቆዩ ዛይስ ካሜራዎች ላይ የተለመደ ነው። እንዲህ ከሆነ አዲስ ቆዳ ላያስፈልጋችሁ ይችላል። ያንን ቦታ ብቻ አንስታችሁ፣ ዝገቱን ፍቃችሁ፣ ናሱን ቀለም በሌለው የጥፍር ቀለም ሸፍናችሁ ያንኑ ቆዳ መልሱት።

## ደረጃ 2፦ ውፍረቱን ለኩ

ልባሱ የሚያርፈው ከብረቱ ጠርዝ ትንሽ ዝቅ ብሎ በተሠራ መቀመጫ ላይ ነው። አዲሱ ቆዳ ከነማጣበቂያው ከዚያ ጠርዝ ጋር እኩል መሆን አለበት። ቢበዛ በ0.1 ሚሊ ሜትር ቢበልጥ አያስቸግርም። ከዚያ ካለፈ ጠርዙ በእጅ ይገፋል፤ በኋላው በር ማጠፊያ በኩል ደግሞ በሩ ሲከፈት ይጣበቃል። ብዙ ካሜራዎች የሚፈልጉት ከ0.5 እስከ 0.8 ሚሊ ሜትር ነው።

1. ልባሱ ቀድሞ የተነሳበትን ጠርዝ ፈልጉና በካሊበር አራት ቦታ ለኩ። ሙጫ የደረቀበትን ቦታ አትለኩ፤ ያሳስታችኋል።
2. ካሊበር ከሌለ፣ 80 ግራም የሚባለው የተለመደ የማተሚያ ወረቀት አንዱ ቅጠል 0.1 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ጥፍር የሚያህል ቁርጥራጭ እያደረጋችሁ ልባሱ በተነሳበት ባዶ መቀመጫ ላይ ደርድሩ። በየጊዜው ጥፍራችሁን ከወረቀቱ ወደ ብረቱ አንሸራቱ። ጥፍራችሁን የሚይዘው ነገር ሲጠፋ ወረቀቱን ቁጠሩ። 7 ቅጠል ከሆነ 0.7 ሚሊ ሜትር ነው።
3. ከዚህ ላይ የማጣበቂያውን ቀንሱ። ማስቲሽ በስሱ ከተቀባ 0.1 ያህል ይወስዳል።
4. ቁጥሩን ጻፉት። የወረቀቱን ጥቅልም በፕላስተር አስራችሁ ኪሳችሁ ውስጥ አድርጉት፤ ገበያ ስትወጡ ትፈልጉታላችሁ።

## ደረጃ 3፦ ተተኪውን ፈልጉ

መንገዱ ሦስት ነው። የትኛውን እንደምትይዙ ሳትወስኑ አሮጌውን አትላጡ።

### ሀ. ተቆርጦ የሚሸጥ

ለታወቁ ሞዴሎች በልካቸው የተቆረጠ ልባስ የሚሸጡ አሉ። የጃፓኑ አኪ አሳሂ እና የአሜሪካው ሁጎ ስቱዲዮ በብዛት የሚጠሩት ናቸው። ካሜራችሁ ከሞዴሎቻቸው ውስጥ ካለና ገንዘቡ ካልከበዳችሁ ይህን ምረጡ። ቀዳዳዎቹ በማሽን የተቆረጡ ስለሆኑ በእጅ ያንን ጥራት ማምጣት ይከብዳል። ከማዘዛችሁ በፊት፦

- የሞዴሉን ስም እስከ መጨረሻዋ ፊደል አረጋግጡ። ካኖን ኤኢ-1 እና ካኖን ኤኢ-1 ፕሮግራም አንድ አይደሉም፤ ፕሮግራሙ ከፊት መያዣ አለው። ፔንታክስ ስፖትማቲክና ኬ1000 ወንድማማች ቢመስሉም ስፖትማቲኩ የራስ ማንሻ ሰዓት ስላለው የፊቱ ቀዳዳ ይለያያል።
- የሩሲያ ካሜራ ከሆነ ስሙ ብቻ አይበቃም። ዜኒት ኢ ለረጅም ዓመታት፣ በክራስኖጎርስክም በቤላሩስም ፋብሪካ የተሠራ ነው። የፊቱንና የጀርባውን ፎቶ ለሻጩ ላኩና «ይሄኛው ነው ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ።
- ከጀርባው ማጣበቂያ አለው ወይስ የለውም? የኋላ በሩስ ይጨምራል? አንዳንዱ ዋጋ የፊቱን ብቻ ነው።
- ውፍረቱን ጠይቁና ከጻፋችሁት ቁጥር ጋር አስተያዩ።
- ሳይታጠፍና ሳይጠቀለል፣ በሁለት ካርቶን መሃል እንዲላክ ንገሩ። የታጠፈበት መስመር ከተለጠፈ በኋላም ይታያል።

ኢትዮጵያ ውስጥ ላላችሁ፣ ዕቃው ከደብዳቤ ብዙም አይከብድም። ዲሲ ወይም ዱባይ ያለ ዘመድ መጽሐፍ መሃል አድርጎ ያመጣላችኋል። ሻንጣ ጥግ ውስጥ እንዳይወትፈው ብቻ አስጠንቅቁት።

### ለ. ራስ የሚቆርጡት ቆዳ

ለአንድ 35 ሚሊ ሜትር ካሜራ የሚፈጀው ቆዳ ከግማሽ ኤ4 ወረቀት ብዙም አይበልጥም። ለስህተት መጠባበቂያ ሙሉ ኤ4 የሚያህል ያዙ። ስለዚህ ሙሉ ሌጦ መግዛት ትርፍ ወጪ ነው። ጫማና ቦርሳ የሚሠሩ ሰዎች ጋ ሂዱና ቁርጥራጭ ጠይቁ።

እዚህ ላይ የአገራችን ሰው ዕድለኛ ነው። የደጋ በግ ሌጦ ስስና ጠንካራ ስለሆነ ለጓንት ይፈለጋል፤ የባቲ ፍየል ሌጦም በቆዳ ነጋዴዎች ዘንድ ስም ያለው ነው። ለካሜራ ግን ሁለቱ እኩል አይደሉም።

የፍየል ቆዳ ከሁሉ ይሻላል። ስስ ሆኖ ይገኛል፣ አይለጠጥም፣ ፊቱም ጥቃቅን ፍርግርግ ያለው ስለሆነ ፋብሪካ የሠራው ይመስላል።

የበግ ቆዳ ሲነኩት ያጓጓል። ችግሩ መለጠጡ ነው። እየለጠጣችሁ ከለጠፋችሁት ቀስ በቀስ ይሰበሰብና ጠርዙ ላይ ክፍተት ይፈጥራል። 10 ሳንቲ ሜትር ቁራጭ በሁለት እጃችሁ ሳቡ። ከ1 ሳንቲ ሜትር በላይ ከተለጠጠ ይቅርባችሁ፤ ወይም ከጀርባው ስስ ወረቀት ለጥፋችሁ አጠንክሩት።

የከብት ቆዳ እንዳለ አይሆንም። ወፍራም ነው። የቦርሳ ሠራተኞች ቆዳ የሚያሳሳ ማሽን ካላቸው እስከ 0.7 ድረስ ያውርዱላችሁ። ጠርዙን ብቻ አሳስተው ቢሰጧችሁ አትቀበሉ፤ መሃሉ ያብጣል።

የድሮ ጃኬት ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያስበው እሱን ነው። ከሆነም ከጀርባው ሰፊ ክፍል ቁረጡ። ክርኑና ደረቱ የተለጠጠ ነው። ግን ለኩት፤ ብዙ ጃኬት 1 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ነው።

የመጽሐፍ ጠራዦች አርቴፊሻል ቆዳ ብዙ ሰው የማያስበው ጥሩ አማራጭ ነው። ስስ ነው፣ አይለጠጥም፣ በምላጭ ንጹህ ይቆረጣል። ለመጀመሪያ ልምምድ ከእውነተኛው ቆዳ ይልቅ ይህንን እመርጣለሁ። የመኪና ወንበር ፕላስቲክ ግን ከጀርባው የተሸመነ ጨርቅ አለው፤ ወፍራም ነው፣ ጠርዙም ይተረተራል።

ቆዳውን ስትመርጡ የወረቀት ጥቅላችሁን አውጡና ጎን ለጎን በጣታችሁ መሃል ዳስሱት። ከሆዱ በኩል የመጣ ቁራጭ ከሆነ ተዉት፤ ልል ነው። የሌጦው የጀርባ አጥንት መስመር የት እንደነበር ጠይቃችሁ በጠመኔ ምልክት አድርጉ። ቆዳ በዚያ አቅጣጫ ብዙም አይለጠጥም፣ የካሜራውም ረጅሙ ጎን በዚያ መስመር መዋል አለበት። ትልልቅ ፍርግርግ ያለው ቆዳ ደግሞ በቦርሳ ላይ ያምራል እንጂ በትንሽ ካሜራ ላይ የአዞ ጀርባ ነው የሚመስለው።

### ሐ. ከሞተ ካሜራ ማውጣት

ሻተሩ (ፎቶ ሲነሳ ብርሃን ወደ ፊልሙ የሚያስገባው መዝጊያ) የተበላሸ፣ ልባሱ ግን ሙሉ የሆነ ያው ሞዴል ካገኛችሁ ይሞከራል። ጠርዙን አስቀድማችሁ እዩ። ክፍተት ካለ እሱም ተኮማትሯል፤ ሲላጥ ደግሞ የበለጠ ይሰበሰባል። እኔ ይህን መንገድ የምመክረው ሌላው ሁሉ ካልተሳካ ብቻ ነው።

## ደረጃ 4፦ አሮጌውን አውልቁ

1. ካሜራውን ከየአቅጣጫው ፎቶ አንሱ። የትኛው ቁራጭ የት እንደነበር ማታ ላይ አታስታውሱም።
2. የፀጉር ማድረቂያውን በዝቅተኛ ሙቀት ከ15 ሳንቲ ሜትር ርቀት ለግማሽ ደቂቃ ያህል ያዙ። ቆዳው ለእጅ ሞቅ ሲል አቁሙ። ከዚያ በላይ አታሙቁ፤ ከውስጥ የሻተር ጨርቅና ቅባት አለ።
3. ከተነሳ ጥግ ጀምሩ። የባንክ ካርዱን ወይም ስቴኪኒውን አስገቡ። ስለታም ብረት ከተጠቀማችሁ ልባሱን ትቀዱታላችሁ፣ ብረቱንም ትጭራላችሁ።
4. የማይነሳ ከሆነ በጥጡ አንድ ጠብታ አልኮል ጠርዙ ላይ አስነኩና ሁለት ደቂቃ ጠብቁ። የቆዩ ሙጫዎች በአልኮል ይፈታሉ። እምቢ ካለ ለላስቲክ ዓይነት ሙጫ የላይተር ቤንዚን ተጠቀሙ።
5. እየላጣችሁ ሂዱ፣ አትሳቡ። የተሰበረውን ቁራጭ ወዲያው ካርቶን ላይ በቦታው አስቀምጡና በፕላስተር ያዙት።

ማስጠንቀቂያ። ፈሳሽ አታፍስሱ። ትንሽ የበዛ አልኮል በቀዳዳ ገብቶ ቅባቱን ሻተሩ ላይ ያሰራጫል፤ ከዚያ የቆዳ ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ የጠጋኝ ጉዳይ ይሆናል። አሴቶን አታስጠጉ። የካኖን ኤኢ-1 የላይኛው ሽፋን ብረት ይመስላል እንጂ ፕላስቲክ ነው። የኤስኤክስ-70 አካልም እንደዚያው። አሴቶን ሲነካቸው ይቀልጣሉ።

ቩልካናይት ከሆነ ማስክና መነጽር አድርጉ፣ በጠፍጣፋ ፕላስቲክ እየፈነቀላችሁ አንሱ። ብናኙ ካሜራው ውስጥ እንዳይገባ አፉን በፕላስተር ጭምር ዝጉ።

### ከሥር የሚገኘው

ቆዳው ሲነሳ ቪቴዎች ይታያሉ። በያሺካ ማትና በሮሌይፍሌክስ የፊት ሰሌዳውን የሚይዙት ቪቴዎች ከቆዳው ሥር ነው ያሉት። ካሜራችሁ የውስጥ ጥገና የሚፈልግ ከሆነ አሁን ነው ጊዜው፤ ከተለጠፈ በኋላ ጠጋኙ አዲሱን ቆዳችሁን ይልጠዋል። የማታውቁትን ቪቴ ግን አትንኩ።

ወደ ውስጥ የሚያሳዩ ቀዳዳዎችም ሊኖሩ ይችላሉ። በሥራው ጊዜ በፕላስተር ሸፍኗቸው። መጨረሻ ላይ ቆዳው ከመለጠፉ በፊት ስስ ጥቁር ፕላስተር አድርጉባቸው፤ ብርሃን ይከልል የነበረው አሮጌው ልባስ ሊሆን ይችላል።

## ደረጃ 5፦ መቀመጫውን አጽዱ

የድሮው ሙጫ ጉብታ በአዲሱ ቆዳ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። በፕላስቲክ ካርድ ፋቁ፣ የቀረውን በአልኮል ወይም በቤንዚን በነከረ ጥጥ አሹት። ጥጡ ንጹህ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ። አረንጓዴ ዝገት ካለ ፍቁትና ናሱን ቀለም በሌለው የጥፍር ቀለም ሸፍኑ፤ ይድረቅ። ከዚህ በኋላ መቀመጫውን በጣት አትንኩ።

## ደረጃ 6፦ ንድፉን አውጡ

ተቆርጦ የመጣ ከገዛችሁ ወደ ደረጃ 8 እለፉ። ለሌሎቻችሁ ግን ሥራው ሁሉ እዚህ ነው ያለው፤ አትቸኩሉ።

አሮጌው ልባስ ካልተኮማተረ። ከማስመሪያ ጎን አድርጋችሁ ስካን አድርጉ። ስታትሙ «100 ከመቶ» የሚለውን ምረጡ። ከወረቀቱ ጋር አስማማ የሚለውን ከተዋችሁት ማተሚያው ያሳንሰዋል። የታተመውን ማስመሪያ በእውነተኛው ማስመሪያ ለኩት። 10 ሳንቲ ሜትር 10 ሳንቲ ሜትር ካልሆነ እንደገና አትሙ። ፎቶ ኮፒ ቤት የምታሠሩ ከሆነ ይህንን ቆማችሁ አረጋግጡ። በስልክ የተነሳ ፎቶ አይሆንም፤ ጠርዙ ይጣመማል።

ከተኮማተረ ወይም ከተፈረፈረ። ንድፉን ከብረቱ ላይ ውሰዱ።

1. የወረቀት ፕላስተሩን ትንሽ እየደራረባችሁ መቀመጫውን በሙሉ ሸፍኑ፤ በጠርዙም አልፉት።
2. በጥፍራችሁ ጀርባ ጠርዙን ዙሪያውን ጫኑ። የብረቱ መስመር በፕላስተሩ ላይ ብቅ ይላል።
3. በእርሳስ ጎን በስሱ አሹት። መስመሩ ይጠቁራል፣ የቀዳዳዎቹ ክብም ይወጣል።
4. በአዲስ ምላጭ ከመስመሩ ውስጠኛ ጠርዝ ጋር ሳትጫኑ ቁረጡ። ብረቱን ለመቁረጥ አይደለም የመጣችሁት።
5. ፕላስተሩን በአንድ ላይ አንሱና ስስ ካርቶን ላይ ለጥፉ። ካርቶኑን ቁረጡ።

ካርቶኑን በካሜራው ላይ አስቀምጡ። ካለምንም ግፊት መግባት አለበት፣ ዙሪያውንም ብረት መታየት የለበትም። ከገፋ ላጩት። ካጠረ ግን አትቀጥሉ፣ ሌላ ቁረጡ። ካርቶን ርካሽ ነው። ሲስማማ በፊት በኩል «ግራ»፣ «ቀኝ»፣ «ጀርባ» ብላችሁ ጻፉና ወደ ላይ የሚያሳይ ቀስት አድርጉ።

## ደረጃ 7፦ ቁረጡ

1. ከቆዳው ጀርባ የወረቀት ፕላስተር ለጥፉ። ምላጩ ሲያልፍ እንዳይለጠጥ ይይዘዋል።
2. ንድፉን በጀርባው የምትስሉ ከሆነ ገልብጡት፤ «ግራ» የሚለው ጽሑፍ ወደ ታች መዋል አለበት። ይህን የረሳ ሰው ሁለት የቀኝ ቁራጭ ይዞ ይቀራል።
3. መጀመሪያ ቀዳዳዎቹን ቁረጡ፣ ዙሪያውን በኋላ። ቆዳው ሰፊ ሳለ አይንቀሳቀስም። ለክብ ቀዳዳ ቀበቶ የሚበሱበትን መብሻ ከጫማ ሠሪ ተዋሱ።
4. ቀጥታውን መስመር በብረት ማስመሪያ፣ በሦስት አራት ቀላል ምልልስ ቁረጡ። በአንድ ጊዜ ለመበጠስ አትጫኑ።
5. ለእውነተኛ ቆዳ በዙሪያው ግማሽ ሚሊ ሜትር አትርፉ፤ መጨረሻ ላይ ይላጫል። ለአርቴፊሻሉ ልክ በልክ ቁረጡ።
6. ለየቁራጩ ምላጭ ቀይሩ።
7. የተቆረጠውን ጠርዝ በጥቁር ማርከር አጥቁሩ። ነጭ ጠርዝ ሥራውን ሁሉ ርካሽ ያስመስለዋል።

ዜኒት ኢን በመሰለ ካሜራ የራስ ማንሻው ሰዓት ማንሻ ከቆዳው ላይ ነው የሚያርፈው። መፍታት የምትችሉ ከሆነ ፍቱ። ካልሆነ ከቀዳዳው ወደ ታችኛው ጠርዝ አንድ ቀጥ ያለ ስንጥቅ አውጡና ቆዳውን ከማንሻው ሥር አንሸራትታችሁ አስገቡ። ስንጥቁ ማንሻው በሚሸፍነው መስመር ላይ ከዋለ አይታይም።

## ደረጃ 8፦ ለጥፉ

የቱ ማጣበቂያ? ስስ ባለ ሁለት ፊት ፕላስተር ለጀማሪ ይሻላል። ስሪ ኤም 467 የሚባለው 0.05 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፣ 468 የሚባለው 0.13። የወፍራሙ የስፖንጅ ፕላስተር ጭራሽ አይሆንም። ማስቲሽ በደንብ ይይዛል፣ ግን ይቅርታ የለውም። ኮላ ውሃ አለበት፤ ቆዳው ያብጥና ሲደርቅ ያጥራል። ሱፐር ግሉ ክልክል ነው። ተኑ ሌንስ ላይ ነጭ ሽፋን ይጥላል፣ ደግሞም ከሱ በኋላ ልላጠው ብትሉ ቆዳውም ቀለሙም አብሮ ይሄዳል።

በማስቲሽ ከሆነ፦

1. ሳትቀቡ አንድ ጊዜ አስገብታችሁ አረጋግጡ።
2. መቀመጫውንም የቆዳውንም ጀርባ በስሱ ቀቡ። ከጠርዙ 1 ሚሊ ሜትር ገባ በሉ፤ ሲጫን ራሱ ይወጣል።
3. ጣት ሲነካው እስከማይከተል ድረስ፣ 10 ደቂቃ ያህል ጠብቁ። እርጥብ ሳለ የለጠፈ ሰው ነው ነገ «አልያዘም» የሚለው።
4. የዳቦ መጋገሪያ ወረቀቱን መቀመጫው ላይ አንጥፉ፣ 5 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ አስተርፉ። ማስቲሹ ወረቀቱን አይዝም።
5. ቆዳውን በወረቀቱ ላይ አስተካክሉ። መጀመሪያ የሚያዘው አስቸጋሪው ጎን ነው፤ በፊት ለፊት የሌንሱ ቅስት፣ በጀርባ የማጠፊያው መስመር።
6. ያንን ጎን በጣት ጫኑ፣ ከዚያ ወረቀቱን በጥቂቱ እየሳባችሁ ቆዳውን ተከታትላችሁ አሳርፉ። ቆዳውን አትለጥጡ።
7. በማንኪያ ጀርባ ከመሃል ወደ ዳር አሹ።

ማጣበቂያ ያለው ከሆነ፦ መሸፈኛ ወረቀቱን ላጡና ማጣበቂያውን አልኮል በነካው ጣት በጣም በስሱ አርጥቡት። ለጥቂት ሰከንድ እንድታንሸራትቱት ጊዜ ይሰጣችኋል። የሚንጠባጠብ ከሆነ በዝቷል።

ትርፉን የቆዳ ጠርዝ አሁን በአዲስ ምላጭ ላጩት። በመጨረሻም ንጹህ ጨርቅ ጠቅልላችሁ በላስቲክ እሰሩትና እስከ ነገ ተዉት። የኋላ በሩ ላይ ክብደት አትጫኑ፤ ከውስጥ ፊልሙን የሚይዘው ሰሌዳ ይጎብጣል።

## ሲበላሽ ምን ይደረጋል

ጠማማ ተለጥፏል። ማስቲሹ ገና ሰዓት ካልሞላው ጠርዙ ላይ አንድ ጠብታ የላይተር ቤንዚን አድርጉ፣ ቀስ ብላችሁ አንሱ፣ ይድረቅ፣ ሁለቱንም ፊት እንደገና ቀቡ። ከጠነከረ በኋላ የተነሳ ቆዳ ተለጥጦ ስለሚወጣ አዲስ መቁረጥ ይሻላል። ንድፉ እጃችሁ ላይ ነው።

አረፋ አለው። በመርፌ አንድ ቀዳዳ ብሱ፣ አየሩን በማንኪያ ጀርባ ወደ ቀዳዳው ግፉት። አረፋው ደረቅ ከሆነና ሲጫኑት ከተሰማችሁ አየር ሳይሆን ያልተፋቀ ሙጫ ነው። አንስታችሁ አጽዱ።

ጠርዙ ይነሳል። በስቴኪኒ ጫፍ ማስቲሽ አስገቡ፣ 10 ደቂቃ ጠብቁ፣ ጫኑ። እዚያው ቦታ ደግሞ ከተነሳ ቆዳው ከጠርዙ በላይ ነው ማለት ነው። የማስቲሽ ብዛት አያድነውም። ጠርዙን ከሥር በኩል በምላጭ አሳሱት።

በአንድ ጎን ክፍተት ቀረ። ግማሽ ሚሊ ሜትር ከሆነ ከሥር ያለውን ብረት በጥቁር ማርከር አጥቁሩት፤ ማንም አያየውም። ከ1 ሚሊ ሜትር በላይ ከሆነ ቁራጭ አትለጥፉበት፣ መጋጠሚያው ያስጠላል። እንደገና ቁረጡ።

በሩ አልዘጋ ወይም አልከፈት አለ። በግድ አትዝጉት። በማጠፊያውና በመቆለፊያው በኩል ቆዳው ከብረቱ ጠርዝ አልፎ እንደሆነ እዩና ትርፉን ላጩ። ካላለፈ ወፍሮ ነው፤ የጀርባውን ብቻ በሳሳ ቆዳ ቀይሩ።

ማስቲሽ ብረቱ ላይ ተዝረከረከ። እርጥብ ሳለ አትጥረጉት፤ ይዳመጣል። ሲደርቅ በጣት አሹት፣ እየተጠቀለለ ይወጣል። የተቀባ ብረት ከሆነ ቤንዚን ከመጠቀማችሁ በፊት የማይታይ ቦታ ላይ ሞክሩ።

ፎቶው ላይ ነጭ ብልጭታ መጣ። ከቆዳው ሥር ያልተሸፈነ ቀዳዳ ሊኖር ይችላል። ግን አስቀድማችሁ የኋላ በሩን የብርሃን መከላከያ ስፖንጅ እዩ። በአሮጌ ካሜራ እሱ እንደ ሬንጅ ቀልጦ ነው የሚገኘው፤ ቆዳውን ከመውቀሳችሁ በፊት እሱን በአልኮል ጠርጋችሁ ቀይሩት።